የአባቴን ጽዋ የወረስኩ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ሱሪዬን ላሳጥር ጅጅጋ ገበያ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባሁ። ሰፊው ወጣት ነው፤ ጨርቅ አራት አጥፎ፣ መቀሱን አንስቶ የቀሚስ አንገት ሊያወጣ ሲል ሳላስበው ‹‹ቆይ! የታጠፈው ማዕዘን የትኛው ነው?›› ብዬ ጮህኩ።

‹‹አባባ፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ እንዴ?›› አለኝ እየሳቀ።

‹‹ልሆን ነበር›› አልኩት። አባባ ለመባል እንኳ ገና ነበርኩ፤ መልኬ ነው ዕድሜዬን የቀደመው። ለምን እንደቀደመው ላውራችሁ።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ግድም ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አፍደም ነው፤ የጅቡቲው ባቡር የሚያልፍባት ቆላ ከተማ ናት፤ ባቡሩ ያኔ ገና ይሠራ ነበር። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ በዚያ ሙቀት የሐዲድ ብሎን ሲያጠብቅ ኖሮ በወባ ሞተ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ አዴር ፋራህ ከሚባሉ ሶማሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ እማር ነበር። አዴር ማለት በእነሱ አጎት ማለት ነው። እናቴና ሁለት እህቶቼ የሚበሉት ከእሳቸው የስፌት መኪና ላይ በማገኘው ነበር።

በከተማው ያለነው ክርስቲያኖች ጥቂት ቤት ነን። የሚካኤል ማኅበር ነበረን፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል። አንድ ሰው ሲሞት ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ትልቁ ልጅ ይገባበታል። የአባቴ አርባ ሲወጣ የማኅበሩ መሪ ጋሼ በላይ እጄን ይዘው አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ አስቀመጡኝና ዋንጫውን ሰጡኝ።

‹‹የአባቱን ቦታ ሞላው እኮ!›› አለ አንዱ። ‹‹ጢሙ ብቻ ነው የቀረው!››

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ከጽዋው በኋላ ደግሞ ‹‹የወዳጄ ልጅ›› እያለ ቤቱ ወስዶ አረቄ የሚቀዳልኝ አይጠፋም። በክፋት የቀዳልኝ አንድም ሰው አላስታውስም። ሰባት ወር ሳይሞላ ግን ወሩ አሥራ ሁለት እስኪል መጠበቅ አቃተኝ።

አዴር ፋራህ ከቀትር በኋላ ጫታቸውን ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ የመጠጥ ሽታ ግን ነፍሳቸው አይወድም። እኔም ቅርንፉድ እያኘክሁ እገባ ነበር።

‹‹ዋርያ፣ ቅርንፉድ ጥርስ ለሚያመው ሰው ነው›› አሉኝ አንድ ቀን። ‹‹ጥርስህን ያምሃል?››

‹‹አዎ፣ አዴር።››

‹‹ሰባት ወር ሙሉ?›› ብለው ወደ ጫታቸው ተመለሱ።

አንድ አሥራ ሁለት ቀን ከማኅበሩ በቀጥታ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ዝናብ ዘግይቶ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ ከጅቡቲ በባቡር ያመጣችው ስስ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አራት አጥፌ፣ በታጠፈው ማዕዘን ፈንታ በሌላው በኩል አንገቱን ቀደድኩት። ስንዘረጋው አንገት ይሆናል ያልኩት መሃሉን ስቶ ሁለቱን ጫፍ ቦጭቆታል።

አዴር ፋራህ አልመቱኝም። ሴትዮዋን ሌላ ጨርቅ ሊተኩላት ለምነው ከሸኙ በኋላ ‹‹ቅርንፉዱን ትፋው›› አሉኝ። ተፋሁት። ‹‹እስከሚመጣው አሥራ ሁለት አስብ። ወይ ያ ዋንጫ፣ ወይ ይቺ መኪና። ወላሂ፣ ሁለቱ በአንድ እጅ አይያዙም።››

ለእናቴ ነገርኳት።

‹‹ጠጣ አልልህም፣ ልጄ›› አለችኝ። ‹‹ግን ከማኅበሩ ብትወጣ ማን ይቀብረናል? አባትህን ማን ተሸከመው? በዚያ ድንጋይ መሬት ጉድጓድ የቆፈረው ማን ነው? እኔ እዚህ አገር ከእነሱ ሌላ ማን አለኝ?››

እውነቷን ነው።

ቀኑ ሲደርስ ዋንጫው ተሞልቶ መጣ። ‹‹ጋሼ፣ እኔ ውሃ ቢሰጠኝስ?›› አልኩ።

‹‹ውሃ!›› አለ አንዱ። ‹‹ሶማሌው አሰለመህ እንዴ?››

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ በላይ ግን አልሳቁም። አጠገቤ መጥተው ዋንጫውን በገዛ እጃቸው ወደ አፌ አስጠጉት። ‹‹ለአባትህ ነፍስ ነው፤ አንዴ ቅመስ፣ የእኔ ልጅ›› አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ቢቆጡኝ ተነሥቼ እወጣ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ጠጣሁ። እስከ ታች ጨለጥኩት።

በማግስቱ አዴር ፋራህ በር ላይ አገኙኝ። አፌን አላሸተቱም፣ ፊቴን ብቻ አዩት። ‹‹አላህ ያግዝህ›› አሉኝና ቤት ይዤው አድር የነበረውን መቀስ ከእጄ ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲያ ባቡር ጣቢያ ሸክም ገባሁ። በየወሩ የጀመረው መጠጥ በየሳምንቱ፣ የሳምንቱም በየቀኑ ሆነ።

መጠጥ ካቆምኩ ዓመታት ሆኖኛል፤ ያስቆመኝም ጉበቴ ነው። እነዚያን ሰዎች መውቀስ አልችልበትም። እናቴ ስትሞት እንደ ተመኘችው ቀበሯት፤ አንድ አልቀረ፣ እየተቀባበሉ ተሸክመው በደንብ ቀበሯት ይሉኛል። ይሉኛል የምለው እኔ ሰክሬ ስለነበር ነው። እናቴ እንዴት እንደተቀበረች እስከ ዛሬ የማውቀው ሰው ከሚያወራልኝ ብቻ ነው።