በሠንጠረዡ ላይ ያልተቃጠለው ደን

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ ሠንጠረዥ» ነው የሚላት። ደግሞም ይገባታል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ሠንጠረዥ ስታሳድግ ኖራለች፤ ልጅ ብትሆን ይኼኔ ድራት ነበር። ደን ሲመነጠር፣ ረግረግ ሲታረስ፣ ዛፍ ሲቃጠል ከአገሩ መሬት በየዓመቱ ስንት ቶን ሚቴን እንደወጣ የምትናገር ሠንጠረዥ ናት። ሚቴን ያው የማይታይ ጋዝ ነው፤ ዓለሙን ያሞቃል ይላሉ። እሷም አይታው አታውቅም። የምታውቀው ቁጥሩን ነው፤ እሱም አሁን አሁን እጅ እጅ ብሏታል።

ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ሲቀራት ታናሽ ወንድሟ ከገጠር መጣ። ደን ጠባቂ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ሦስት ጊዜ አርፎ ነው የወጣው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሚጠብቀው ደን ሲቃጠል ጭሱ ሳንባውን ጎድቶታል፤ ዘንድሮ ጭራሽ መሥራት አቃተው። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው ተብሎ እንዲታከም ለጉዳት ቦርዱ ቢያመለክት «በዚያ ዓመት በወረዳችሁ የደን ቃጠሎ የለም» ብለው መለሱት። ማስረጃቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ እህቱ ሠንጠረዥ።

«እታለም፣ ፊርማው ያንቺ ነው» አላት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ እያስቀመጠ።

«የቃጠሎውን ፎርም መቼ ላክህልኝና?»

«ደውዬልሽ ነበር እኮ።»

ደውሎ ነበር፤ ትዝ አላት። የዓመቱ መዝጊያ ነው፣ ወረቀት እስከ አንገቷ ደርሷል። እሱ እያለከለከ «ደኑ እየነደደ ነው» ሲላት «የኔ ጌታ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ፎርም ሞልተህ፣ ማኅተም አስመትተህ ላክ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። የጥበቃ ጎጆው ከነፎርሙ መንደዱን ማን ይጠይቅ!

እዚህ ላይ የቤቱን ልማድ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሴትዮዋን ክፉ ታደርጓታላችሁ። ከወረዳ ፎርም ካልመጣ የሠንጠረዡ ሳጥን ባዶ አይተውም፤ ባዶ ሳጥን ያየ አለቃ ይቆጣል። ስለዚህ ያምናውን ቁጥር ትገለብጥና አጠገቡ በእርሳስ ነጥብ ታደርጋለች፤ «ይሄ የውሰት ነው፣ እውነተኛው ሲመጣ ይተካል» ማለቷ ነው። ያስተማሯት ከሷ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ኋላ ኮምፒውተር መጣና ቁጥሩ ሁሉ ወደዚያ ተገለበጠ። ነጥቡን ያስገባ ሰው ግን የለም። እንግዲህ በአንድ ሳምንት የውሰቱ ሁሉ የተለካ ሆኖ ቁጭ አለ። እሷ ራሷ መቶ ጊዜ አይታ መቶ ጊዜ አልፋዋለች።

የድሮውን መዝገብ ከቁም ሳጥኑ ሥር አወጣችው። የወንድሟ ወረዳ፣ የዚያ ዓመት፤ ቃጠሎ «ዜሮ»፤ አጠገቡ ነጥብ። ካርታ ክፍል ወርዳ የዚያን ዓመት የሳተላይት ምስል አስከፈተች። ከወንዙ ወዲህ ጥቁር ጠባሳ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሄክታር፤ የወንዙ ማዶ በደመና ተሸፍኗል። ነጥብ ያለባቸውን ቁጥሮች ስትቆጥር ሌላ ሠላሳ ስምንት አገኘች።

አለቃዋ ልጇ ሊሆን የሚችል ጨዋ ሰው ነው። «እናቴ» አላት በሩን ዘግቶ፣ «ይሄን ከነካን የዚያ ዓመት ሚቴን ሽቅብ ይዘላል። አንዱ ከተነካ ሠላሳ ስምንቱም ይመረመራል። የዕድሜ ልክ ሥራዎን አጠራጣሪ ነው ይሉታል። አራት ወር ነው የቀረዎት፣ በክብር ይውጡ።»

ክብር ደግሞ ማን ይጠላል? ፈራች፤ ምን ይደበቃል። ደክሟታልም፤ ሃያ ሰባት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ መቁጠር የሚያስችል ጉልበት አልነበራትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ዝም ልትል ምንም አልቀራት። ወንድሟ ግን እሷ ዘንድ ነበር ያረፈው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ፎጣውን ለማንሳት እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ግድግዳውን ተደግፎ ሲያርፍ አየችው። ፎጣ ለማንሳት!

ቢሮ እንደገባች ጻፈች፦ «ይህ ቁጥር አልተለካም። ካለፈው ዓመት የገለበጥሁት እኔ ነኝ። በሳተላይት ምስል የሚታየው የተቃጠለ ደን አራት መቶ አሥራ ሁለት ሄክታር ነው። የደን ጠባቂው ቃጠሎውን በስልክ ነግሮኝ ነበር፤ አልተቀበልሁትም።» አለቃዋ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ማኅተሙን መታበት።

ከዚያ በኋላ ሻይ ክፍል ስትገባ ወሬ ይቆም ጀመር። ሠንጠረዧን ተረክበው የሚመረምሩ ሦስት ወጣቶች ተመደቡ፤ እትዬ ሠንጠረዥ ብሎ የሚጠራትም ጠፋ። በወሩ የቦርዱ ደብዳቤ ደረሰ፤ የወንድሟ ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ ተመዘገበ፣ ሕክምናውም ተፈቀደ። እሱ ወደ ገጠር ተመልሶ ስለነበር ደወለችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም» አላት። ትንሽ ሳል አቋረጠው። «ስንት ብለሽ ጻፍሽው?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ሄክታር።»

«የማዶውስ?»

«ማዶውን ደመና ሸፍኖት ነበር። እዚያም ነዷል እንዴ?»

ሳሉ እስኪያልፍለት ጠብቆ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ስደውልልሽ ወንዙን ገና አልተሻገረም ነበር። የወረዳው ስልክ አይነሳም። አንቺ ከትልቅ ቢሮ ስለሆንሽ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው። ቁጥር ላስመዘግብ አልነበረም፤ ሰው ላኩልን ልልሽ ነበር።»

ይቅር በለኝ ልትል ፈለገች፤ እጇ ግን እርሳስ አነሳ።

«የማዶው ስንት ይሆናል?» አለችው በመጨረሻ።

«ከወዲህኛው ይበልጣል» አላት።