ዝም ላለ የሚከፈት ቤት

ሰፈሩ «አስጎብኚው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ጌም ሊጫወቱ የሚመጡ ጎረምሶች ናቸው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ከታላቅ እህቱ ጋር ጌም ቤት አላቸው። የፊተኛው ክፍል የእሷ ነው ማለት ይቻላል፤ ሦስት ስክሪን ተደርድሮ ኳስና የመኪና እሽቅድምድም ይጫወቱበታል፣ ጩኸቱ ጣራ ይነቅላል። ከኋላ ያለችው፣ ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረችው ጠባብ ክፍል የእሱ ናት። አንድ ስክሪን፣ ሁለት ወንበር፣ በሯ ላይ ደግሞ ጩኸት እንዳያሳልፍ በሚስማር የተመታ አሮጌ ፍራሽ። ያለው ይኸው ነው።

እዚያ ያለውን ጌም ሰው ሌላ ቦታ አያገኘውም፤ ቢያገኘውም አይፈልገውም። በአንዱ ተጫዋቹ ነፋስ ነው፤ ሥራው ክፍት የቀሩ የመንደር በሮችን መዝጋት ብቻ። በሌላው ሳህን ያጥባል፤ ከጎን ክፍል ባልና ሚስት ይጨቃጨቃሉ፣ የሚባባሉት የሚሰማው ግን ውሃው ሲዘጋ ነው፤ ውሃው ከተዘጋ ደግሞ ሳህኑ አያልቅም። ነጥብ የለ፣ አሸናፊ የለ። ቴሌቪዥን ጠጋኝ በነበረበት ዘመን አንድ ደንበኛ ጥሎት በጠፋ ኮምፒውተር ውስጥ የመጀመሪያውን አገኘና ምሳውን ረሳ። ሰው ማንም የማይገዛውን ነገር እንዲህ ተጨንቆ ተጠቦ መሥራቱ እስከ ዛሬ ይገርመዋል። ሲገርመው ደግሞ ለብቻው መገረም አይችልበትም፤ መከራው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚወደው «ጎረቤት» የሚባለውን ነው። ተጫዋቹ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ይቆማል። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት አሮጊት አሉ። ጆይስቲኩን ለሚነካካ አይከፍቱም። ለሚያወራም አይከፍቱም፤ ከስክሪኑ አናት ያለችው ትንሽ ማይክራፎን ታዳምጣለችና። እጁን ሰብስቦ ዝም ላለ ብቻ በሩ ይከፈታል።

አስጎብኚው ታዲያ እንግዳውን ያስቀምጥና ከጀርባው ይቆማል።

«አየህ፣ ቁም ነገሩ ዝምታ ነው! እጅህን አንሳ። አሁን ይመጣሉ... መጡ! አየሃቸው?»

አሮጊቷ መጋረጃቸውን ጥርቅም።

«ቸኮልክባቸዋ!» ብሎ እንግዳውን ይቆጣል። በሩን የሚዘጋው የራሱ ምላስ መሆኑን አንድም ቀን ጠርጥሮ አያውቅም። እንዴት ይጠርጥር? ለብቻው ሲጫወት ሁልጊዜ ይከፈትለታል።

እህቱ በዚህ ጨጓራዋ ተልጧል። ጆይስቲክ የምትሰበስብ፣ ጠብ የምትገላግል፣ የምትጠርግ እሷ ናት። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደገችውም እሷ ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ቁጭ ስትል ያያት የለም።

«ወንድምዓለም፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ጎል ሊያገባ ነው እንጂ ሊተክዝ አይደለም» አለችው አንድ ቀን። «ከሰኞ ጀምሮ ክፍሏ የኳስ ትሆናለች። አራተኛውን ስክሪን ለመግዛት ዋጋ ጨርሻለሁ።»

«እትዬ፣ በናትሽ!»

ፊቱን ስታይ አንጀቷን በላት። «እሺ ይሁን። እስከ ቅዳሜ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከነዚህ ጉዶችህ አንዱን እስከ መጨረሻው ይጫወትልህ። ያኔ አፌን እይዛለሁ።»

እሺ ይበል እንጂ ፈራ። ክፍሏን ማጣቱ ብዙም አላስፈራውም። እሱ የሚያየውን አንድ ሰው እንኳ አብሮት አይቶለት እንደማያውቅ ቁርጡን ማወቁ ነው ያስፈራው።

ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲጎትት ሰነበተ። ፀጉር አስተካካዩ «ደንበኛ ይጠብቀኛል» ብሎ ወጣ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ በጨዋ ደንብ እያዛጋች ቆየችለት። ባለታክሲው ደግሞ መጋረጃው ሲዘጋበት ሳቁን ለቀቀው። «አማቴን ቁርጥ! እሷም አትከፍትልኝም።» ለሁሉም ነፍሱ እስክትወጣ አስረዳ፤ በሁሉም ላይ ተዘጋ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጌሙን ከፍቶ ትቶ፣ የመጨረሻ ዕድሉን ሊሞክር ወደ መንገዱ ወጣ። ማንም እሺ አላለውም። እጁን አጣጥፎ ተመለሰና በፍራሽ የተለበጠውን በር ቀስ ብሎ ገፋ አደረገው።

እህቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ለአዲሱ ስክሪን ግድግዳውን ልትለካ ገብታ፣ ጉልበቷ ሲጠዘጥዛት አረፍ ያለች ነው። ሜትሩ ጭኗ ላይ፣ ሁለት እጇ ጉልበቷ ላይ። ጆይስቲኩ መሬት ወድቋል። ስክሪኑ ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«እትዬ፣ አሁን እኮ...» ሊል ነበር። ቃሉ ጥርሱ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ጥርሱን ነክሶ አያውቅም።

አሮጊቷ ወንበር ሳቡላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው አተር ይፈለፍላሉ። ምንም አይጠይቁም፣ ምንም አያዙም። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቀስ እያለ ወደ ማታ ይሄዳል። ጌሙ የሚያልቀው ሳህኑ በአተር ሲሞላ ነው፤ ገና ከግማሽ አልደረሰም።

የእህቱ ትከሻ ወረደ። ከዚያ ሲንቀጠቀጥ አየው። ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ላገኘው መንገደኛ ሁሉ አሮጊቷ ስለሚስቡት ወንበር ሲያወራ፣ አንድ ቀን እንኳ እህቱን «ቁጭ በይ» ብሏት አያውቅም። አፈረ። ጠጋ ብሎ ፊቷን ሊያይ፣ ምን እንደተሰማት ሊጠይቃት፣ ሳህኑ ሲሞላ አጠገቧ ሊሆን ደግሞ ምን ያህል እንደጓጓ!

«እትዬ!» አለ ከፊተኛው ክፍል አንዱ ጎረምሳ። «እትዬ፣ ነይ እንጂ፣ ይሄ ልጅ ተራዬን ወሰደብኝ!»

በፍራሹ በር ክፍተት ድምፁ ሾልኮ ገባ። አሮጊቷ ቀና አሉ፤ እጃቸው መጋረጃው ጋ ደረሰ። እህቱም እንደ ልማዷ ልትነሳ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች።

አስጎብኚው በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋውና ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደ። ጎረምሶቹን ገላገለ፣ ተራ አስያዘ፣ ጆይስቲክ ሰበሰበ፣ የፈሰሰ ለስላሳ ወለወለ። ዓይኑ ግን ከፍራሹ በር አልተነሳም።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ሜትሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እሱ መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመ፤ አፉን አልከፈተም።

«ሳህኑ ሞላ» አለችው።