ግሪሳ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት

ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ወፍ ሲያዩ ከሳሎን ወጥቼ እሄዳለሁ። ሰውየው ያን ሩቅ የሚያቀርብ መነጽሩን ይዞ፣ ወፏ እንዳትበርበት እስትንፋሱን ሲውጥ ሳይ ንድድ ይለኛል። «አባዬ፣ ወፍ ደግሞ ምን አደረገችህ?» ይሉኛል። ወፏስ ምንም አላደረገችኝም።

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ጊዜ ነው። ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰብል ባለሙያ ነበርኩ፤ ባለሙያ ይባል እንጂ ለሦስት በአንድ ወንበር የምንፈራረቅ ሰዎች ነበርን። ስለ ክልሉ አእዋፍ ፊልም የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ኃላፊያችን «ወፍ የምታውቀው አንተ ነህ» ብሎ አብሬያቸው እንድሄድ አዘዘኝ። እኔ የማውቀው ወፍ ግሪሳ ነው፤ እሱንም የማውቀው ማሽላ ሲጨርስ ነው።

በባምባሲ መንገድ ወደ አንድ የበርታ ሽማግሌ ማሳ ወሰድኳቸው። የሽማግሌውና የባለቤታቸው የዓመት ቀለብ ያቺ ማሳ ናት። ማሽላው ሊደርስ ሳምንት ቢቀረው ነው፤ እሳቸው ከነጋ እስኪመሽ ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ ያስጮኻሉ። ግሪሳው ከዛፉ እየተነሣ ይዞራል፣ ማረፍ ግን አልቻለም። ካሜራ ያዡ «ሲያርፍ ነው የምፈልገው፤ ለትንሽ ጊዜ ያቁሙልኝ» አለኝ። ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ኡስታዝ፣ ወፍ ትንሽ አያውቅም» አሉኝ። የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ለሳቸው ኡስታዝ ነው።

«የጠየቀዎት መንግሥት ነው» አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

ወንጭፉን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወረዱ። ግሪሳው አረፈ። መጀመሪያ ባትሪ አለቀ፤ ቀጥሎ ደመና መጣ፤ ደመናው ሲገለጥ ካሜራ ያዡ ቦታ ልቀይር አለ። ሽማግሌው የሚያዩት ማሳውን ሳይሆን እኔን ነበር። «ይበቃል» ማለት ነበረብኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ግን ነቅዟል። ሰዎቹ ዕቃቸውን ሲሸክፉ ከማሽላው ለረመዳን የሚሆን እንኳ አልተረፈም።

በእጄ የነበረው አንድ ነገር ደብዳቤ ነው። ሰብላቸው በግሪሳ ስለወደመ የእርዳታ እህል ይሰጣቸው ብዬ ጽፌ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ፊልሙ ይተላለፍና እፈርማለሁ» አለኝ። ይህንኑ ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት ተላለፈ። አዳራሻችን ውስጥ ያለችውን ቴሌቪዥን ለማየት ያልመጣ አልነበረም። ሽማግሌውም የታጠበ ጀለቢያቸውን ለብሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ግሪሳው በዋሽንት ታጅቦ ማሽላው ላይ ሲሰፍር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር። ተራኪው «የዚህ አካባቢ ገበሬ ከአእዋፍ ጋር በፍቅር ይኖራል፤ አያባርራቸውም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። አገራችን ብለን የያዝነውን ቦታ በቴሌቪዥን ስናይ የመጀመሪያችን ነበርና እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ።

ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ያን ደብዳቤ ተወው። በፍቅር ይኖራሉ ተብሎ በአገር ፊት ከተነገረ በኋላ ወፍ ጨረሳቸው ብንል ማን ያምነናል?»

እሱም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከበላዩ ያሉትን ፈርቶ ነው።

ሽማግሌው የሚያውቁት የገበያ አማርኛ ስለሆነ የተራኪው ንግግር አልገባቸውም። ደጅ ስንወጣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ፊታቸው ፈክቷል።

«ኡስታዝ፣ ያን ቀን በአንተ ተቆጣሁ። ይቅር በለኝ። ደብዳቤ ሰው ይጽፋል፣ ውሸት ይሆናል። አሁን መንግሥት በዓይኑ አየ። ወፍ በላ፣ ማሽላ አለቀ። ኸላስ። እህሉ ዛሬ ነው?»

ብብታቸው ሥር አጥፈው የያዙትን ባዶ ማዳበሪያ ያየሁት ያኔ ነው።

«ነገ ይምጡ» አልኳቸው።