የዘሀራ እንድሪስ ሽፋን

ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። መስጊድ አጠገቤ ለሚሰግደው ጎረቤቴ አልነገርኩም። ዱዓ ላይ እጄን ዘርግቼ እንኳ ነገሩን በስሙ አልጠራሁትም፤ «ያ ረቢ፣ የምታውቀውን ማረኝ» እያልኩ አልፈዋለሁ። እንዲህ ያለ ልመና አለ? እሱ ያውቀዋል እያልኩ እኔ ላልናገረው ነው እንጂ! ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ለንስሐ አባታቸው ይነግራሉ። እኔ የምነግረው ላንተ ነው፣ ይህን ለምታነበው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ ነገሩ አይንጋደድም።

ሰይድ እባላለሁ። አገሬ አምባሰል ነው፤ የሠራሁት ግን ሐይቅ ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ ነው። በተላላኪነት ገባሁ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አረጀሁ። የገበሬው የመሬት ፋይል በሙሉ በእጄ ነበር። ንባብ ላይ እምብዛም ነኝ፤ ፋይሉን ግን በመልኩ አውቀዋለሁ። የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ሰዎችን በቀይ ክር፣ የደጋውን በጥቁር ክር አስር ነበር። ይሄ ጥጉን አይጥ የበላው ነው፣ ያ ዝናብ የነካው ነው። ሰው መጥቶ ስሙን ከነአባቱ ሲነግረኝ እጄ ቀድሞኝ ይሄዳል።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። የባለመሬቱ ስም ያለው ከላይ ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው፤ በታይፕ የተመታ አንድ ወፍራም ወረቀት። ከሥሩ የልኬቱ ንድፍና የድንበር ምልክቱ ይከተላል፤ እነሱ ላይ የባለቤት ስም የለም። ሁሉን አንድ ላይ የያዘው ክሩ ነው። ክሩን የማስረው እኔ ነኝ። ይህን አስተውልልኝ፤ ወንጀሌ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለውጥ መጣ ተብሎ ስብሰባ በስብሰባ ላይ በሆነበት ጊዜ ሐያት የምትባል ባለሙያ ከደሴ መጣች። ኮምፒውተር ይዛ፣ ወረቀት የሚያነሳ ስካነር ይዛ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሽፋኑን ራሱ ያነባል፣ ለፋይሉ ራሱ ስም ያወጣል፣ በቀበሌ በቀበሌው ለይቶ ራሱ ቦታ ያስይዘዋል። ሌላ ሽፋን እስኪመጣ ድረስ የሚከተለውን ወረቀት ሁሉ በዚያው ስም ይከተዋል። የሰው እጅ አይገባበትም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ክሩን እየፈቱ ያቀብሉኝ፣ ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል» አለችኝ። ሰው አክባሪ ነበረች። እኔ ግን በሆዴ፣ «እሱ» የምትለው ማነው? አልኩ።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «እስቲ ጋሽ ሰይድና ኮምፒውተሩ ይሽቀዳደሙ!» አለ። ስም ተጠራ። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ጉልበቴን ሳላቃና ሐያት «ይኸው» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ገንዘብ ያዡ «ጋሽ ሰይድ፣ ጉልበትዎን ቅባት ያስነኩት እንጂ!» አለኝ። ጸሐፊዋ ቀበል አድርጋ «ተዋቸው፣ ክር እየፈተሉ ይኖራሉ» አለች። እኔም ሳቅሁ። ወላሂ፣ አብሬ ሳቅሁ።

በዚያው ሳምንት ነው ያደረግሁት። ተሳስቼ አይደለም። ዓይኔ አልደከመም። አውቄ አደረግሁት። ቀዩ ክር ላይ ደርሰን ነበር። የሁሴን አደምን ፋይል አቀበልኳት። ቀጥሎ ያለው የዘሀራ እንድሪስ ነበር። ዘሀራ የሁሴን ወንድም ሚስት ነበረች፤ ባሏ ሲሞት መሬቱ በስሟ ዞሮላታል፤ የሷና የሁሴን ማሳ ድንበርተኛ ነው። ክሩን ፈታሁ። ሽፋኗን አወጣሁ። አጥፌ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ንድፏን ያለ ሽፋን ሰጠሁ። ማሽኑ ምን ያውቃል? ሁሴን ብሎ የጀመረውን ሁሴን ብሎ ቀጠለ። ዓይኔ እያየ የዘሀራን መሬት በሁሴን ስም ሰየመው።

ሐሳቤ ምን ነበር? ከበላይ ለጉብኝት የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። በነሱ ፊት «እስቲ የዘሀራ እንድሪስን አምጪ» ልላት፣ ማሽኑ ሲያጣ ሽፋኑን ከኪሴ መዝዤ ላሳይ። በሳቁብኝ ሰዎች ልስቅ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ለዚህ ስል ባሏ የሞተባትን ሴት መሬት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ጉብኝቱ ለሌላ ሳምንት ተባለ። ያም ቀረ። ያን ጊዜ ማስተካከል እችል ነበር። «ሐያት፣ አንዲት ሽፋን ተረስታለች» ማለት ብቻ። አምስት ቃል አይሞላም። አላልኩም። ነገ ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ እያልኩ ኪሴን እየዳሰስኩ ከረምኩ። ሳይታሰብ ጦርነቱ መጣ።

የከባድ መሣሪያው ድምፅ መሰማት ሲጀምር ቢሮው ተዘጋ። ሐያት ከኮምፒውተሩ መዳፍ የማትሞላ ዲስክ ነቅላ በሻርፗ ቋጠረቻት። በር ላይ ተገናኘን። «አይዞዎት ጋሼ፣ ፋይሉ ሁሉ እዚህ አለ» አለችኝ። ኪሴን ዳበስኩ። አፌን ከፈትኩ። «አላህ ይጠብቅሽ» አልኩና ዘጋሁት። አስበው እንግዲህ! ከተማው ጓዙን ተሸክሞ እየሸሸ፣ እኔ በአንዲት ልጅ ፊት ማፈር ፈራሁ።

ወደ አምባሰል፣ እህቴ ዘንድ ወጣሁ። ስመለስ መዝገብ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። መደርደሪያው ተነቅሏል። ወረቀቱ ገሚሱ ነዷል፣ ገሚሱ ግቢ ውስጥ በዝናብ በስብሷል። ጭቃው ውስጥ ቀይ ክር አገኘሁ፣ ምንም ያላሰረ። አጥቤ ቤቴ ወሰድኩት። ሐያት ግን ዲስኳን ይዛ ተመለሰች። ኃላፊው አለቀሰ፣ ሠራተኛው አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። የስንቱ ገበሬ ሐቅ በዚያች ዲስክ ተረፈ! ከአንዲት ሴት በቀር። እሷን ያስቀራት ጦርነቱ አይደለም። እኔ ነኝ።

የዘሀራ የይዞታ ደብተር በሽሽቱ ጠፍቷል። ሁሴን ይህን ሲያውቅ «መሬቱ የኔ ነው፤ የወንድሜ ሚስት ናት ብዬ እንድታርስ ፈቀድኩላት እንጂ» ብሎ ተነሳ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሐያት ፈልጋ ያገኘችውን አትማ አመጣች። ንድፉ በሁሴን ስም ነው፤ በዘሀራ ስም ምንም የለም። ዘሀራ ወረቀቱን አላየችም። እኔን አየች።

«አያ ሰይድ፣ አንተ ታውቀው የለ? በእጅህ አይደል ያሰርከው? ንገራቸው እንጂ።»

ሽማግሌዎቹ ዞሩብኝ። «ሰይድ፣ አላህን ፈርተህ ተናገር። የማን ነው?» አሉኝ።

ሽፋኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። ያንኑ ኮት ለብሻለሁ። ስተነፍስ ወረቀቱ ደረቴ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። አውጥቼ ብዘረጋው ነገሩ እዚያው ያልቃል። ግን «ኪስህ ውስጥ ምን ከተተው?» ይሉኛል። ምን ልመልስ? ስለሳቁብኝ ነው ልበል? በዚህ ሽበቴ?

«እኔ አላውቅም። ማሽኑ የሚለው ነው» አልኩ።

እኔ! ማሽኑን ለማዋረድ ያን ሁሉ የሠራሁ እኔ፣ ከማሽኑ ጀርባ ተደበቅሁ። ማሽኑ አልዋሸም። የሰጠሁትን ነው የተናገረው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፤ አንዴ በእጄ፣ አንዴ በምላሴ። ዘሀራ አልጮኸችም። «ይሁን፣ አያ ሰይድ» ብላ ሻሿን አጥብቃ ሄደች። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ ወደ አርዲቦ ወረድኩ። ዘሀራ በገዛ መሬቷ ላይ በቀን ሠራተኝነት የሁሴንን ሽንኩርት ትኮተኩታለች። ቀና አለችና «አሰላሙ አለይኩም አያ ሰይድ፣ ጉልበትህን እንዴት አደረገህ?» አለችኝ። ጉልበቴን ጠየቀችኝ! እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ! ሰላምታዋን መመለስ አቃተኝ። ደንቆሮ መስያት ይሆናል፣ በእጇ ሰላም ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጦርነቱ ነው ልበል? ኮምፒውተሩ ነው ልበል? የሳቁብኝ ናቸው ልበል? አልልም። እኔ ነኝ። በኛ ደንብ የሰው ሐቅ የወሰደን ሰው፣ ባለሐቁ ይቅር ብሎ አውፍ ካላለው አላህ ዘንድ ይጠብቀዋል። እኔ ግን ዘሀራን አውፍ በይኝ አልላትም፣ ገና ነው። ደግ ናት፣ ትለኛለች። እኔ ቀሎኝ ቤቴ እገባለሁ፣ መሬቱ የሁሴን ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በኋላማ በሷ ደግነት አልነግድም።

ሰኞ ቢሮው ሲከፈት እሄዳለሁ። ሐያት ዛሬም እዚያው ናት። ይህን የጻፍኩትን እሰጣታለሁ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ጮክ ብላ ታንብበው፣ ሁሴንም ይስማ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ። ከላዩ የዘሀራን ሽፋን አድርጌበታለሁ። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል፣ ስሟ ግን ይነበባል። በዚያ ከጭቃ ባወጣሁት ቀይ ክር አስሬዋለሁ። ማሽኑ ከላይ ያለውን ስም አንብቦ ከሥር ያለውን ሁሉ በዚያ ስም ያስቀምጣል። ዘሀራ እንድሪስ ይበለው። ከሥሩ ያለው የኔ ወንጀል ነው። በሷ ስም ይቀመጥ፤ ሰው ስሟን ጠርቶ በፈለጋት ቁጥር እኔ ልገኝ።