ለአደንና ለዒላማ ብቻ

ዌንደል ዳይገርት በስድሳ አንድ ዓመት ዕድሜው አንድም ቀን ቀይ መብራት ጥሶ አያውቅም። በመንደሩ ያለው የትራፊክ መብራት አንድ ብቻ ስለሆነ ይህ ብዙ አያስመሰግነው ይሆናል። ነገር ግን እሁድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት እንኳ፣ ቆሞ አረንጓዴው እስኪበራ ይጠብቃል። ከኋላው ጥሩምባ የሚነፋበት ቢመጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሕግ ነው ወንድሜ" ይላል። ሰውዬው እንዲህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በእነዚያ የሰሜን ኒውዮርክ ኮረብታዎች የወተት ቦቴ እየነዳ፣ ከየገበሬው በረት ወተት እየቀዳ ለፋብሪካ ሲያደርስ የኖረው በዚሁ ጠባዩ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው የሽጉጥ ፈቃድ ቢጠይቅ ማን ይከለክለዋል? የጣት አሻራውን ሰጠ፤ ለጠባዩ የሚመሰክሩ አራት ሰዎች አቀረበ፤ ስምንት ወር ጠበቀ። ፈቃዱ በፖስታ ሲመጣ ሚስቱን ኖሪንን ጠርቶ በፊቷ ከፈተው። ፎቶው አምሮበታል። ስሙም በትክክል ተጽፏል። ገልብጦ ጀርባውን ሲያይ ግን በቀይ ማህተም "ለአደንና ለዒላማ ልምምድ ብቻ" የሚል ተመትቶበታል።

ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ነው፦ ሽጉጡን ከኮቱ ስር ሸጉጦ መውጣት የሚችለው ወደ አደን ወይም ወደ ተኩስ ሜዳ ሲሄድና ከዚያ ሲመለስ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ሽጉጡ ቤት ተቆልፎበት ይውላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ይህም ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ የኖሪን ወንድም በርል ባይኖር ኖሮ። የበርል ቤት ከዌንደል ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። የሁለት አውራጃዎች ድንበር ደግሞ በዚያው መንገድ መሀል ያልፋል፤ ፈቃድ የሚሰጠውም የየአውራጃው ዳኛ ነው። በማዶው አውራጃ ያለው ዳኛ ማህተም የሚባል ነገር አይወድም፤ ለጠየቀው ሁሉ ያልተገደበ ፈቃድ ይሰጣል። በርልም አለው። ይህ በርል አምና ማቀዝቀዣው ድምፅ ሲያሰማ ሌባ መስሎት ተኩሶ የመታው በርል ነው! ማቀዝቀዣው እስከ ዛሬ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ተለጥፎበት ይሠራል። በርል ፀጉር ቤት ሲሄድ፣ ገበያ ሲሄድ፣ ከፖስታ ሳጥኑ ደብዳቤ ሊያወጣ እስከ አጥሩ ሲሄድ እንኳ ታጥቆ ነው። ዌንደልን ባየ ቁጥር ወገቡን መታ መታ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

"ስማኝ ዌንደል" አለው አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "አንድ የወረቀት ዒላማ ገዝተህ መኪናህ ውስጥ ወርውር። ማን ቢያስቆምህ 'ወደ ዒላማ ልምምድ እየሄድኩ ነው' ትላለህ። አለቀ።"

"ካልሄድኩስ?"

"አንድ ቀን ትሄዳለህ አይደል? እየሄድክ ነዋ።"

"እሱ ውሸት ነው።"

"ተወው በቃ" አለ በርል፣ "አንተ ድሮም ለሽጉጥ አልተፈጠርክም።" ይህች ቃል ዌንደል ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ዌንደል ማህተሙን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር የሚያከብረው። አንድ ቅዳሜ ኖሪንን ይዞ ተኩስ ሜዳ ሄደ። ሲመለሱ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ኖሪን ምግብ ቤቱ ጋ ቁም አለችው።

"አልችልም" አላት። "ፈቃዱ የሚለው ከተኩስ ሜዳ ወደ ቤት ነው። ምግብ ቤት አይልም።"

"ልበላ አይደለም፤ ሽንቴ ነው።"

"እሱም የለበትም።"

"አንተ ሰውዬ፣ የኔ ፊኛ በዳኛ ማህተም ነው የሚተዳደረው?"

"ሃያ ደቂቃ ታገሺ።"

"ሽጉጡን ከዚህ መኪና ታወርደዋለህ ወይስ እኔ ልውረድ?"

ኖሪን ወረደች። ከምግብ ቤቱ ስትወጣ በሁለት እጇ ዶናት ይዛለች፤ ቤት እስኪደርሱም ሁለቱንም እያየችው በላቻቸው። በዚያው ሳምንት ዌንደል "ገደቡ ይነሳልኝ" ብሎ ማመልከቻ ጻፈ።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወይዘሮ ፌርሊ ደወለችለት። ትሁት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ሁልጊዜ ምሳዋ ላይ የደረሱባት ይመስላል።

"አቶ ዳይገርት፣ ማመልከቻዎ ላይ ምክንያት የሚለውን ባዶ ትተውታል።"

"ሕግ አክባሪ ዜጋ ስለሆንኩ ብዬ ጻፉልኝ።"

"እሱ አይበቃም። ዳኛዋ ልዩ ምክንያት ይፈልጋሉ። ከጎረቤቶችዎ ይልቅ እርስዎን የሚያሰጋ ነገር መኖር አለበት።"

"ሰው ሁሉ የሚፈራውን ብፈራስ?"

"አይሆንም፤ የራስዎ የሆነ ፍርሃት ነው የሚያስፈልግዎ። የዛተብዎ ሰው ካለ ጥሩ ነው። በጽሑፍ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።"

ዌንደል ስልኩን ዘግቶ ማን ሊገድለው እንደሚፈልግ ማሰብ ጀመረ። ወተት የሚቀዳባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ በሐሳቡ ዞረ። አንዱ በየገናው ማር ይሰጠዋል። አንዷ ሹራብ ሠርታለታለች። ሰው ስድሳ አንድ ዓመት ኖሮ አንድ ደመኛ ያጣል? ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ሃርላን ስፕራግ ትዝ አለውና ፊቱ በራ።

የሃርላንና የዌንደል ጠብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የወተት ሹፌር ከመቅዳቱ በፊት የጋኑን ክዳን ከፍቶ ማሽተት ግዴታው ነው፤ ወተቱ ከሸተተው ያለመቀበል ሥልጣን አለው። በ1979 ጸደይ የሃርላን ላሞች አጥር ጥሰው ጫካ ገቡና የዱር ሽንኩርት ሲግጡ ዋሉ። በማግስቱ ዌንደል ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ መልሶ ከደነውና ሄደ። የሁለት ቀን ወተት ቦይ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዌንደል በየሁለት ቀኑ ወደ ሃርላን በረት ይሄዳል፤ ወተት ይቀዳል፤ ቃል ግን አይለዋወጡም። የግድ የሚባል ነገር ካለ በሩ ላይ በጠመኔ ይጻጻፋሉ። "ነገ በረዶ አለ፣ አረፍዳለሁ።" "አየሁ።" በቃ ይኸው ነው።

በማግስቱ ዌንደል ጠመኔውን አላነሳም። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

"ሃርላን" አለ።

ሃርላን የያዘው ባልዲ ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። የምለምንህ ነገር ነበረኝ። እገልሃለሁ ብለህ ጻፍልኝ።"

ሃርላን ረጅም፣ ደረቅ፣ ቅንድቡ ግንባሩን የሸፈነ ሰው ነው። ባልዲውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ዌንደል ስለ ማህተሙ፣ ስለ በርል፣ ስለ ወይዘሮ ፌርሊ አንድም ሳያስቀር ነገረው።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንኳረፍ" አለ ሃርላን፣ "አንድ ቀን እገልሃለሁ ብዬህ አውቃለሁ?"

"አላልክም።"

"አስቤውስ የማውቅ ይመስልሃል?"

"እኔ እንጃ። ትንሽም ቢሆን…"

"እጅህ እንዲሰበር ተመኝቻለሁ። እሱን እጽፍልሃለሁ።"

"እጅ አይበቃም። ሞት ነው የሚፈለገው።"

ሃርላን አሰበና ጣቱን ቀሰረ። "እሺ። በመጀመሪያ ግን ያኔ ወተቱ አልሸተተም በል።"

ዌንደል አፉን ከፈተ። የጓጓለት ነገር ሁሉ ከዚያች አንዲት ቃል ማዶ ነበር።

"ሸቷል" አለ።

"ውጣ ከበረቴ!"

ዌንደል ወተቱን ቀድቶ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ሲመጣ ግን ሃርላን ጋኑ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀዋል። የታጠፈ ወረቀት ወረወረለት።

"ለዚህች ወረቀት ብለህ እንኳ አልዋሸህም" አለው። "እንግዲያው ያኔም አፍንጫህ ነው እንጂ ክፋትህ አልነበረም። ወሬ አታብዛ። ቅዳ።"

ዌንደል ወረቀቱን ላከ። ውሸት አልላክሁም ብሎ ራሱን አሳምኗል፤ ደብዳቤ እንደሆን ደብዳቤ ነው፣ ፊርማውም የባለቤቱ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ።

ችሎቱ ኅዳር ላይ፣ አርብ ዕለት ነበር። የአጋዘን አደን የሚከፈተው በሰኞው ነው። ዌንደል የሠርጉን ከረቫት አስሮ ገባና ክው ብሎ ቀረ። ሃርላን ስፕራግ የበረት ቦት ጫማውን እንዳደረገ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። መጥሪያ ደርሶታል።

ዳኛ ብራድት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ዌንደልን አስማሉና ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡ።

"'ለዌንደል ዳይገርት። እገልሃለሁ። ሁለተኛው ድርቆሽ ታጭዶ ከገባ በኋላ። ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ ሃርላን ስፕራግ።'"

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳል ያዘው።

"የሚያሳል ነገር የለውም" አሉ ዳኛዋ። "ድርቆሹ ከገባ ሁለት ወር አልፏል። አቶ ዳይገርት፣ ይህ ዛቻ እውነት ከሆነ ወንጀል ነው። ዛሬውኑ ሸሪፉ አቶ ስፕራግ ቤት ሄዶ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ይሰበስባል፤ የአደን ጠመንጃውንም ጭምር። ሐሰት ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱን ያታለሉት እርስዎ ነዎት፤ ፈቃድዎን ሙሉ በሙሉ እሰርዛለሁ። እውነት ነው ሐሰት?"

ዌንደል ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ሃርላን ስፕራግ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አንድም የአደን መክፈቻ አምልጦት አያውቅም። ጠመንጃው የአያቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ክረምቱን የሚገፋው በየዓመቱ በሚያድናት አጋዘን ሥጋና ስለዚያች አደን እያሰበ ነው፤ ይህን አገር ሁሉ ያውቃል። ዌንደል ሽጉጡን አሰበ። የበርልን ጥቅሻ አሰበ። ወደ ዳኛዋ ዞረ።

"ክብርት ዳኛ፣ ሐሰት ነው። የእጅ ጽሑፉ የሱ ነው፤ ቃሉ የኔ ነው። ለምኜ ነው ያስጻፍኩት።"

"ይዋሻል!" የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ሃርላን ተነስቶ ቆሟል። "ቃሉም የኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስቤበታለሁ!"

"አንተ ግትር፣ ተቀመጥ!" አለ ዌንደል።

"አንተ ተቀመጥ! ጻፍልኝ አልክ፣ ጻፍኩ። የጻፍኩትን አልበላም።"

"ጠመንጃህን ይወስዱታል እኮ!"

"ያንተንስ ሽጉጥ ሊወስዱ አይደል? ይኼን ያህል ለምነህ!"

"አቶ ስፕራግ" አሉ ዳኛዋ፣ "አቶ ዳይገርትን ለመግደል ያስባሉ?"

"አዎ።"

"መቼ?"

ሃርላን ተጨነቀ። ቅንድቡ ወጣ ወረደ። "ከወተት ሥራ ፋታ ሳገኝ" አለ።

ፖሊሱ አሁን መሳሉን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱን ሽማግሌዎች ረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው።

"አቶ ዳይገርት፣ እስቲ በመሐላዎ እንደቆሙ ይንገሩኝ። ገደቡ እንዲነሳ የፈለጉት ለምንድን ነው?"

"የሚስቴ ወንድም ስላለው" አለ ዌንደል። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። "እሱ ማቀዝቀዣ ተኩሶ የመታ ሰው ነው፤ ግን ያምኑታል። እኔን ማህተም መቱብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሕግ አክብሬ፣ ከበርል ያነስኩ መሰለኝ።"

ፖሊሱ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

"ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል" አሉ ዳኛዋ በመጨረሻ። "የትኛችሁ እንደሆነ አላጣራም፤ ካጣራሁ እርምጃ ልወስድ ነው፣ ዛሬ ደግሞ አርብ ነው። አንዱ ለሌላው መሣሪያውን ሊያጣ የተነሳበትን ጠብ እንደ ስጋት ልቆጥረው አልችልም። በዚህ አውራጃ እንደ እርስዎ ያለ ስጋት የሌለበት ሰው አላየሁም፤ ስለዚህ ማመልከቻው ውድቅ ነው። ፈቃዱን ወዲህ ይስጡኝ።"

ብዕራቸውን አንስተው ከቀዩ ማህተም ስር አንድ መስመር ጻፉ፤ ፈረሙበትና መለሱለት። ዌንደል አነበበው። "ከሃርላን ስፕራግ ጋር ሲሆን ብቻ" ይላል።

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለ ሃርላን በዌንደል ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ።

"ማንም" አሉ ዳኛዋ። "ቀጣይ መዝገብ!"

አንድ ገደብ ሊያስነሳ ሄዶ በሁለት ተመለሰ። ሁለቱ በኮሪደሩ አልፈው በረንዳው ላይ ሲደርሱ ዌንደል ቆመ። እንግዲህ ሕግ ነው፤ የታዘዘውን ማድረግ አለበት።

"ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?"

ሃርላን ኮፍያውን አጠለቀ። "ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት። እኔ ጫካ ውስጥ ወሬ አልወድም።"

"አላወራም።"

"እግርህንም ቀስ አድርግ።"

"እሺ።"

"ንፋሱ ከሸለቆው ከመጣ በላይ በኩል ነው የምንዞረው። ባለቤቴ እያለች ከላይ ያለውን ድንጋይ ነበር የምትወደው፤ እዚያ ሆና ሾርባ እየጠጣች ትጠብቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ሰማንያ ስድስት ይመስለኛል፣ ያንተም ቦቴ በበረዶ የቆመችበት ዓመት ነው…"

ኖሪን መኪናው ውስጥ ሆና እነሱን ማየት ከጀመረች ብዙ ቆይታለች። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይዘንባል። ሃርላን በእጁ ኮረብታውን እየሳለ ያወራል፤ ባልዋ ባርኔጣውን ማድረግ እንኳ ረስቶ ይሰማል። ትዕግሥቷ ሲያልቅ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"አንተ! ምን ተፈረደ?"

"ተሸነፍኩ" አላት ዌንደል ዘወር ብሎ። "ቆይማ ኖሪን፣ ሃርላን አልጨረሰም።"