የመጨረሻዋ ስፍራ

ሰውየው በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቷ ከግድግዳ ጋር በምትፋጠጥ ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ አሥራ አንድ ዓመት የድረ ገጽ ፕሮግራም ጽፏል። ለዘመድ ብሎ ሥርዓት አያጓድልምና ባልደረቦቹ «ሚዛኑ» ይሉታል።

ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ የዓይኗ ብርሃን ከደከመ ሰንብቷል። የዓይን ቀዶ ሐኪም ከውጭ አገር ለሦስት ቀን እንደሚመጣና ሠላሳ ሰው እንደሚያክም ተሰማ። ወረፋ የሚይዘው ፕሮግራም የሚዛኑ የእጁ ሥራ ነበረና፣ ሰው እንዳያማው እኅቱን ከሁሉ በኋላ ሠላሳኛ አድርጎ መዘገባት።

«ዘበኛ ወንድም ቢኖረኝ ይሻለኝ ነበር፤ በሩን ከፍቶ ያስገባኝ ነበር» ብላ ሳቀችበት።

በሦስተኛው ቀን ከማለዳ ጀምራ አግዳሚው ላይ ጠበቀች። ሃያ ዘጠነኛው ሰው ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ የእርሷ ስም ግን አልተጠራም። ነርሷ የተደገመውን ስም ሰርዛ ዝርዝሩ አለቀ አለች። እኅቲቱም ወንድሜን በሰው ፊት አሳጣዋለሁ ብላ ሳትጠይቅ ቀረች።

ሚዛኑ ነገሩን የሰማው ከቀትር በኋላ ነበር። ለሐኪሙ ሾፌር ደወለ፤ አውሮፕላኑ ተነሥቷል አለው። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልተገኘም።

ወደ ክፍሉ ተመልሶ የፕሮግራሙን ጽሑፍ መረመረ። ስሞቹን አንድ በአንድ እየዞረ በሚያርመው ዑደት፣ ስሞቹን በየተራ የሚይዘው ተለዋዋጭ የስሙን ቅጂ ሳይሆን ስሙ ያለበትን ስፍራ ራሱን እንዲይዝ በአንዲት ምልክት አዝዞ ነበር። በዚያ የፕሮግራም ቋንቋ ግን ዑደቱ ሲያበቃ ተለዋዋጩ አብሮ አያበቃም፤ የመጨረሻዋን ስፍራ እንደ ጨበጠ ይቀራል። ስሞቹን የሚያወጣው ቀጣዩ ዑደት ያንኑ ተለዋዋጭ ሲጠቀም፣ እያንዳንዱን ስም በዚያች ስፍራ ላይ ይጽፋል፤ ሠላሳኛው ተራ ሲደርስም በዚያ የሚገኘው፣ ሠላሳኛውን ሽሮ የተቀመጠው ሃያ ዘጠነኛው ስም ነው። በቅን ልቡ የመረጠላት ስፍራ፣ ፕሮግራሙ ከቶ የማይምራት ስፍራ ነበረች።

ማረሚያው አንድ መስመር ነበር። ጻፈው፤ ስሟም ሠላሳኛ ሆኖ ወጣ። የሚጠራው ግን አልነበረም።

ወደ ቤት ሊወስዳት ክንዷን ያዘ።

«ረስተኸኝ ነው?» አለችው በለሆሳስ።

«ኧረ እትዬ፤ ጽፌሽ ነበር።»

«ታዲያ ማን አጠፋኝ?»



«እኔው ነኝ» አላት።

እጁን መታ መታ አደረገችለት። ከፎቁ ደረጃ ሲወርዱ እግሯ አየር ላይ መሬት ይፈልግ ነበር።

«ደረጃ አለ» አላት፤ «ገና አንድ ይቀራል።»