መንገዱ ላይ የተወጠረው ሸራ

ኬ ሹዪሙ ፊልም የሚያሳየው ለሰው አልነበረም። ሰው እርግጥ ይመጣል፤ በርጩማውን ተሸክሞ መጥቶ፣ ሱፍ እየፈለፈለ፣ ልጁን እየገሠፀ ያያል። የፊተኛው አግዳሚ ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው። እሱ የአማልክቱ ነው። በፉጂየን ባሕር ዳር ስለቱ የሰመረለት ሰው ለባሕሯ እመቤት ፊልም ያስገባል። ጀልባው ከማዕበል የወጣለት፣ ልጁ ፈተና ያለፈለት፣ ምራቱ በሰላም የተገላገለችለት ሁሉ ኬን ይጠራል። ኬም ማሽኑን በጭነት ባጃጅ ጭኖ ከች ነው።

እኔ እዚያ መንደር የሄድኩት ለዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን የኤሌክትሪክ መስመር ልዘረጋ ነበር። ሥራው አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። ስሜ ደምሰው ነው፤ ለምላሳቸው አልገራ ስላለ «ትንሹ ደ» አሉኝ። ጠጉሬ ሸብቶም ትንሹ ደ ነኝ። ከኬ ጋር ያገናኘን የተቃጠለ ጄነሬተር ነው። ሽቦውን አውጥቼ እንደ አዲስ ጠመጠምኩለት፣ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ፊልም ባለ ቁጥር ጄነሬተሩ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ሆንኩ።

የስለት ፊልም ሕግ አለው። ሸራው ፊቱን ወደ ቤተ መቅደሱ በር ማዞር አለበት። ከተጀመረ አይቋረጥም። ዝናብ ቢመጣ ማሽኑ ላይ ጃንጥላ ይዘረጋል እንጂ አይጠፋም፤ ተመልካቹ ሁሉ ሸሽቶ ባዶ አግዳሚ ብቻ ሲቀር እንኳ እስከ መጨረሻው ይታያል። እመቤቷን አስነስተህ መሸኘት ነውር ነው። የዚያ መንደር ቤተ መቅደስ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለው መንገዱ ብቻ ነው፤ በአንድ ወገን ባሕር፣ በሌላው ኦይስተር የሚሉት ባለቅርፊት የባሕር ፍጥረት የሚረባበት ኩሬ። ስለዚህ ኬ ሸራውን የሚወጥረው መንገዱን አቋርጦ፣ ከግንብ እስከ ግንብ ነበር። ሞተር ብስክሌት ከሥር አጎንብሶ ያልፋል። መኪና ያለው ሰው ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ሲጋራውን ለኩሶ ይጠብቃል። ማንም አጉረምርሞ አያውቅም።

ፊልም ሲበጠስ የምትቀጥለው ሚስቱ ሜይጁ ነበረች። ጫፉን በምላጭ ትፍቃለች፣ ሙጫውን በብሩሽ ታስነካለች፣ የጠርዙን ቀዳዳ ከቀዳዳ ገጥማ በአውራ ጣቷ ትጫናለች። ግራኝ ነች። በልጅነቷ በመመገቢያ እንጨት እጇን እየመቷት በቀኝ መብላት አስለምደዋታል፤ ምላጩን ግን ማንም አላስጣላትም። ማዕድ ላይ ቀኝ፣ ሥራ ላይ ግራ።

«ትንሹ ደ፣ በላህ?» ትለኛለች ገና ደጃፉን ሳልፍ።

«በልቻለሁ እትዬ።»

«ውሸታም። ቁጭ በል።»

«ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም» ይላል ኬ።

«አንተማ ሳትጠየቅ ነው የምትበላው፤ ምን አስጠየቀኝ?»

የስኳር ድንቹን ገንፎ ታቀርባለች፤ ዓሣውን አጥንቱን አውጥታ እኔ ሳህን ላይ ታስቀምጣለች። ለኬ ጭንቅላቱን። ጭንቅላቱን የሚወደው እሱ ስለሆነ ነው፤ ይህን ለማወቅ ግን ሁለቱን ብዙ ማየት ያስፈልጋል።

ፊልሞቻቸውንም የገለጠልኝ ይኸው ማዕድ ነው። መጀመሪያ ነገራቸው አይገባኝም ነበር። ባል ጦር ሜዳ ሊሄድ ነው፤ ሚስት እንቁላል ቀቅላ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጠዋለች፣ «ሳይቀዘቅዝ ብላው» ትለዋለች፣ አበቃ። አልተቃቀፉ፣ አልተሳሳሙ። ዞር ስል መንደሩ ሁሉ ያለቅሳል። እኛ አገር ፍቅረኛ ሲሸኝ ዘፈን ይወጣል፣ ደረት ይደቃል። እዚህ «ልብስ ደርብ» ካለህ ሰው ሌላ ነገር አትጠብቅ፤ ያለውን ሁሉ ብሎሃል።

ኬ የሚወደው አንድ አሮጌ ፊልም ነበር፤ ሰው ከወንዝ ወዲያ ማዶ የምታሻግር አንዲት ጀልባ ቀዛፊ ሴት የምትኖረውን ኑሮ የሚያሳይ። ሦስት ጥቅል ነው። ዲጂታሉ መጥቶ ሌላው ሁሉ ወደዚያ ሲዞር እንኳ ይህን ከጥቅል ፊልሙ ነበር የሚያሳየው። «የኛ ሰፊ በሕይወት እስካለች ምን አስቸገረኝ» ይላል ወደ ሜይጁ እያየ።

ከዚያ የሜይጁ ልብ ታመመ። ደረጃ ስትወጣ ቁጭ ማለት፣ ልብስ ስታሰጣ ግንብ መደገፍ አመጣች። የከተማው ሐኪም የልቧ በር በደንብ ስለማይዘጋ ይቀደድና ይጠገን አለ። ኬ በማግስቱ ቤተ መቅደስ ገብቶ ተንበረከከ። እመቤቷ የምትጠየቅባቸውን፣ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸውን ሁለት እንጨቶች ወረወረ፤ አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ወደቀ። እሺታ ነው። ቤተ መቅደሱን የሚጠብቀው ሽማግሌ ኋንግ እዚያው ቆሞ ስለቱን ሰምቷል፦ ሜይጁ በእግሯ የቤቷን ደጃፍ ከተሻገረች፣ የጀልባዋን ሴት ፊልም ለእመቤቷ ሊያስገባ።

ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ጭንብሉን አውልቆ «ጥሩ ሄዷል» አለ። ይህችን ቃል ይዞ ኬ ወደ መንደር በረረ።

«ዛሬ ማታ አስገባለሁ» አለው ኋንግን።

«የቱን?»

«ስለቱን ነዋ!»

«ደጃፏን ስትሻገር አልነበር ያልከው?»

«ጥሩ ሄዷል ተባለ እኮ! እመቤቷ የድርሻዋን አድርጋለች። እኔ ቀን እየቆጠርኩ ባለዕዳ ሆኜ ልቀመጥ?»

«ሹዪሙ፣ ስለት አይፈጥንም። ዳቦው ሳይበስል ከምጣዱ አታውጣ።»

«አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ ፈሪ!»

አብረው ያደጉ ናቸውና እንዲህ ይባባላሉ። ኋንግ ራሱን ነቅንቆ አግዳሚውን ሊጠርግ ሄደ። እኔም ነገሩ አልጣመኝም። እናቴ ለገብርኤል ጥላ ተስላ፣ ልጇ ድኖ ቆሞ ሲሄድ እያየች እንኳ ንግሡን ትጠብቅ ነበር። ግን ሰው ደስ ብሎት ሲሮጥ ምን ብለህ ታቆመዋለህ?

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደን አየናት። ልጃቸው ያላን አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ፖም ትልጣለች። ሜይጁ ፊቷ ገርጥቷል፣ ድምፅዋ ግን ያው ነው።

«በላህ?» አለችኝ።

«በልቻለሁ።»

«ውሸታም።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ዛሬ ነው አሉ?»

«ዛሬ ነው።»

«ሦስተኛው ጥቅል ላይ፣ ሴትዮዋ ጀልባዋን ከግንዱ ስትፈታ፣ እዚያ የቀጠልኳት ደርቃለች። ልቀይራት ስል ነው ይኼ የመጣብኝ። ስትደርስ ጣትህን አስቀምጥ፣ ቀስ ብለህ አሳልፋት።»

«እሺ።»

«ጥድፊያህን አውቀዋለሁ። ጣትህን!»

«እሺ አልኩ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

የተሰነባበቱት በዚህ ነው።

ሲመሽ ሸራውን ወጠርን። ርችቱ ተተኮሰ፣ ዕጣኑ ተለኮሰ፣ አንደኛው ጥቅል ገባ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ኬ እንኳን ደስ አለህ እየተባለ፣ ሲጋራ እየተሰጠው፣ አንዱን ጆሮው ላይ ሰክቶ አንዱን እያጨሰ ይሠራል። ሁለተኛው ጥቅል ሲጋመስ ስልኩ ጮኸ። ያላን ነበረች።

ስልኩን ዘግቶ የሰማውን ነገረኝ። የሜይጁ ልብ ደክሟል። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ አንችልም ብለዋል። በአምቡላንስ ወደ ቤት እያመጧት ነው።

ለምን ወደ ቤት ብሎ የሚጠይቅ እዚያ መንደር የለም። ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው፣ ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ ከአባቶቹ ሥዕል ሥር። ነፍሱ ውጭ የወጣች ሰው ሬሳው ደጃፉን አይረግጥም፤ ከመንደር ውጭ ድንኳን ይጣልለታል፣ ነፍሱም መግቢያ አጥታ ትንከራተታለች ይላሉ። ስለዚህ ተስፋ ሲቆረጥ ቤተሰብ በሽተኛውን ይዞ ይሮጣል። እስትንፋስ እያለ ደጃፉን ማለፍ አለበት፤ ሌላው ሌላ ነው።

ኬ ቁልፉን ለወንድሙ ሚስት ወርውሮ «ትልቁን ክፍል ክፈቺ፣ ሳንቃውን አንጥፊ» አላት። ሁለተኛው ጥቅል አለቀ። ሦስተኛውን አስገባ።

«ጋሼ፣ ይቁም» አልኩት።

«አይቆምም።»

«እሷ እየመጣች ነው እኮ።»

«ለዚህ እኮ ነው የማይቆመው! ስለቷ ነው፤ እኔ ከቆረጥኩት እሷን ቆረጥኳት ማለት ነው። አልገባህም?»

ገብቶኛል። ወደ ጄነሬተሬ ተመለስኩ።

የአምቡላንሱ መብራት ከሸራው ጀርባ መጣ። ቆመ። መንገዱን የዘጋው የኛ ሸራ ነው። ሾፌሩ ጥሩምባውን አንዴ ነፋ፤ ሰው ሁሉ ከበርጩማው ተነሣ፣ ግን ማንም ገመዱን አልነካም። ሸራው ላይ ሴትዮዋ ወደ ጀልባዋ ትወርዳለች። ኬ አጎንብሶ ጣቱን ፊልሙ ላይ አስቀምጦ ነበር። ሴትዮዋ ገመዱን ከግንዱ ፈታች፣ ማሽኑ «ጠቅ» አለ፣ አለፈ። የሜይጁ ሥራ ያዘ።

ከዚያ ቀና አለ፤ «ኋንግ! ጠይቅልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ኋንግ እንጨቶቹን ወረወረ። ሁለቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ። ይህ እሺም እምቢም አይደለም፤ እመቤቷ እየሳቀች ነው ይባላል። እንደገና ወረወረ። አሁንም ሣቅ።

«ምን ያስቃታል?» አለ ኬ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ነበር። «ምን ያስቃታል?»

ኋንግ እንጨቶቹን መሬት ላይ ትቶ ቀና አለ። «ሹዪሙ፣ አውርደው። እኔ አወርደው ነበር፤ ሸራው ያንተ ነው።»

ኬ ሮጠ። ቋጠሮውን ለመፍታት አልሞከረም፤ የሜይጁን ምላጭ ከኪሱ አውጥቶ ገመዱን በጠሰው። ሸራው በአንድ ጎኑ ተዘረገፈ። የፊልሙ ብርሃን የሚያርፍበት አጥቶ አምቡላንሱ መስተዋት ላይ ፈሰሰ። ጄነሬተሩን አጠፋሁ።

መኪናው በዝግታ ሲያልፍ እኔና ኋንግ ከጎኑ ሮጥን፣ ኬ ከፊት ሰው እያስለቀቀ። ቤቱ ቅርብ ነው። በስተኋላ ያለው በር ሲከፈት ወጣቱ ነርስ የአየር ፊኛውን ሜይጁ አፍ ላይ ይዞ ይጨምቃል፣ ይለቃል፣ ይጨምቃል። ቀና ብሎ ኋንግን አየው። ኋንግ እጁን ወደ አንገቷ ሰደደ፣ አቆየው፣ መለሰው። ያላን አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

ኋንግ ወደ ግቢው ዞሮ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፦ «ትተነፍሳለች! መንገድ ልቀቁ! ሜይጁ ቤቷ ገባች!»

ከግቢው ሆነው ሴቶቹ «ትተነፍሳለች! ትተነፍሳለች!» እያሉ ተቀባበሉት። ነርሱ ደጃፉን እስክታልፍ ፊኛውን አላቋረጠም። ሳንቃው ላይ ሲያሳርፏት አንዴ ጨመቀ፣ ቀስ ብሎም አነሣው።

ኬ እግሯን ይዞ ቆሞ ነበር። «ገባች?» አለ።

«ገባች» አለ ኋንግ።

ኬ ሌላ አልጠየቀም። በዚያ መንደር እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም።

ከቀብሩ በኋላ ኬ ሩዝ ሲሰጡት ይበላል፣ ሳይሰጡት አይበላም። የዓሣውን ጭንቅላት ግን መልሶ ይሰጣል። አንድ ቀን ያላን ጫማውን እያወለቀችለት ሳለ፣ «ከሸራው ጀርባ ስትቆሙ ምን ትል ነበር?» አላት።

ያላን ያወለቀችውን ጫማ አስቀመጠች። «ብርሃኑ በመስተዋቱ ሲገባ ዓይኗን ገለጠች። ደግፈሽ አንሺኝ አለች፣ አነሣኋት። ፊልሙን ከሸራው ኋላ አየችው።»

«እና?»

«"ያዘ" አለች። ከዚያ ምንም አላለችም።»

ኬ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ከማሰጫው ሽቦ ሥር ቆመ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ጀርባውን ነው ያየሁት።

የሦስተኛውን ጥቅል ቀሪ ለእመቤቷ ጨረሰላት። ዕዳ ዕዳ ነው። ሸራውን ግን ከዚያ ወዲህ መንገዱ ላይ አልወጠረም፤ ኩሬው ዳር ሁለት ምሰሶ ተከልኩለት። እዚያ ሸራው ወደ ቤተ መቅደሱ በር በደንብ አይዞርም፣ ጠመም ይላል። ኋንግ አየው፣ እንጨቶቹን ሳይጥል «ይበቃል» አለ።

ያቺን የደረቀች ቅጥያ ልቀይራት ብዬው ነበር፤ ሙጫም ምላጭም አለ፣ ሥራውም አይከብድም።

«እንዳትነካት» አለኝ።

አሁን የጀልባዋ ሴት ፊልም ሲታይ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ጥቅል እሱ ያስገባል። ሦስተኛው ሲደርስ ማሽኑን ለእኔ ትቶ፣ በርጩማውን አንሥቶ በኦይስተር ቅርፊቱ ክምር በኩል ዞሮ ከሸራው ጀርባ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ የመንደሩ ሰው «ኬ፣ ከዚያ ምን ይታይሃል? ጽሑፉ እንኳ ተገልብጧል!» ብሎ ይቀልድበት ነበር። እሱ ዓይኑን ከሸራው አይነቅልም። አንድ ጊዜ ማሽኑንም ጄነሬተሩንም ለሌላ ሰው ትቼ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። እውነት ነው፣ ጽሑፉ አይነበብም። ፊልሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በተቃራኒው እጁ ይሠራል። ጀልባ ቀዛፊዋ ገመዱን ከግንዱ ስትፈታ ከፊት ለፊት በቀኟ ነው። ከኋላ ሲታይ ግን ግራኝ ነች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽኑን ትቼ አልሄድም። ያቺ ቦታ ስትቃረብ ጣቴን አስቀምጣለሁ፣ ቀስ ብዬ አሳልፋታለሁ። እስካሁን ይዛለች።